አንድ እንጀራ፥ አንድ አካል፦ ክርስትናን በቁምስናችን ስለ መኖር

ንባብ፦ 1ቆሮ. 10፥16-17፤ 11፥17-34፤ ሐዋ. 6፥1-7፤ ማቴ. 5፥23-24



በዚህ ቁጥር የምናቀርብላችሁ ትምህርት ስለ ቁምስና ነው። ስለ ቁምስናው ሕንፃ ወይም ስለ ጽሕፈት ቤቱ ግን አይደለም። እሑድ ጧት በአንድ መሠዊያ ዙሪያ ተሰብስበን ከአንድ ማዕድ የምንካፈል ሰዎች ሰኞ ጧት አንዳችን ለሌላችን ምን እንደ ሆንን ለመጠየቅ ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን ብዙዎቻችንን የሚያሳፍር እንዳይሆን እንሰጋለን። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቅርብ የምናውቀው አንድ ቁምስና አለ፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። በዚያ ቁምስና አንዲት አረጋዊት እናት ነበሩ። ባለቤታቸው ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ ልጆቻቸውም ሥራ ፍለጋ ርቀው ሄደዋል። እኚህ እናት እሑድ እሑድ ቅዳሴ ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ይደርሱና በሴቶች በኩል ካለው ሁለተኛ ምሰሶ ሥር ይቀመጡ ነበር። ቦታው የሳቸው መሆኑን ሕፃናት ሳይቀሩ ያውቃሉ። አንድ እሑድ ቀሩ፤ በሚቀጥለውም ቀሩ፤ እንዲህ እያለ ሰባት እሑድ አለፈ። ከምሰሶው ሥር ሌላ ሰው ተቀመጠበት። «እማማ የት ሄዱ?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

እሳቸው ጓሮ ወጥተው ሳለ አዳልጧቸው ወድቀው፥ ዳሌያቸው ተጎድቶ ከመደብ ላይ ውለው ያድሩ ነበር። በዚህ ሁሉ ጊዜ እንጀራ ጋግረው ያቀርቡላቸው የነበሩት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ምእመን የሆኑ ጎረቤታቸው ናቸው፤ ውኃ የሚቀዳላቸውም ከአጥሩ ወዲያ ያለው የሙስሊም ቤተ ሰብ ልጅ ነበር። ነገሩን ለቁምስናው ያሰማው ደግሞ ዕድሩ ነው። ወርኃዊ መዋጯቸውን አዘግይተው የማያውቁት ሴት ሁለተኛውን ወር ሳይከፍሉ ሲያሳልፉት የዕድሩ ጸሐፊ ግራ ገብቶት ቤታቸው ድረስ ሄዶ አገኛቸው። በማግሥቱም የቁምስናውን ካቴኪስት ገበያ መንገድ ላይ ሲያገኘው፥ «የናንተ ሰው አይደሉም እንዴ?» አለው። ካቴኪስቱ ገበያውን ትቶ ሄደ። እናትየው ከመደባቸው ቀና ብለው ሳሙትና፥ «ልጄ፥ ቤተ ክርስቲያኑ ተዘግቶ ኖሯል እንዴ?» አሉት።

በምሬት አልነበረም፤ እውነት መስሏቸው ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ክፍት ሆኖ ሳለ ሰባት እሑድ ሙሉ ጠያቂ ያጣሉ ብለው ማሰብ ስላልቻሉ የተዘጋ መሰላቸው።

ይህን ታሪክ ለካቴኪስቶች ጉባኤ ስናነሣው አንድ አዛውንት፥ «ዕድር የሚያውቀን የሚቀጣን ስለ ሆነ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ቀብር የቀረውን፥ የታመመ ያልጠየቀውን ትቅጣ» ብለው አስቀውናል። ቅጣቱን አንደግፍም። ሆኖም አዛውንቱ የነኩት ነገር አለ። ዕድራችን መዝገብ አለው፤ የሚጠራ ሰው አለው፤ ለታመመና ለሞተ ማን ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ የተወሰነ ነው። ፍቅርን ስሜት ብቻ አድርጎ አልተወውም። እኛ ግን ስለ ፍቅር ከዕድሩ ይልቅ አብዝተን እንሰብካለን፤ የቀረውን ሰው ስም የሚጽፍ ደብተር ግን የለንም።

በቆሮንቶስ የሆነው

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ በቆሮንቶስ የነበረችውን ማኅበረ ክርስቲያን የመሠረተው ከ50 እስከ 52 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ገደማ ነው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በኤፌሶን ሳለ ከቆሮንቶስ ደስ የማያሰኝ ወሬ ደረሰው። በዚያ ዘመን ለቤተ ክርስቲያን ተብሎ የተሠራ ሕንፃ አልነበረም፤ ምእመናን የሚሰበሰቡት ሰፋ ያለ ቤት ባለው ክርስቲያን ዘንድ ነበር። የጌታን እራት ከሚበላና ከሚጠጣ የጋራ ማዕድ ጋር ያከናውኑ ነበር። ሀብታሞቹ ጊዜ ነበራቸውና ቀድመው ይመጣሉ፤ ያመጡትንም ምግብ ይበላሉ፥ ይጠጣሉ። የቀን ሠራተኛውና የሰው አገልጋይ የሆነው ግን ሥራውን ሳይጨርስ መምጣት አይችልም፤ ሲደርስ ማዕዱ አልቋል። እንግዲህ አንዱ ሰክሮ፥ ሌላው ተርቦ፥ ሁለቱም በአንድነት የጌታን ሥጋና ደም ሊቀበሉ ይቀርባሉ ማለት ነው።

የሐዋርያውን መልስ ልብ በሉት። የሥርዐቱ ቃላት ተሳስተዋል፥ ጸሎቱ ጎድሏል አላለም። ስብሰባችሁ ለጥቅም ሳይሆን ለጉዳት ሆኗል፤ ይህ የምትበሉት የጌታ እራት አይደለም አላቸው። ይህን ተከትሎም ጌታችን አልፎ በተሰጠበት ሌሊት ያደረገውን፥ እርሱ ራሱ ተቀብሎ ያስተላለፈላቸውን ያስታውሳቸዋል። በአዲስ ኪዳን መጻሕፍት ውስጥ ስለ ቅዱስ ቁርባን ምሥረታ ከተጻፉት ቃላት ሁሉ ቀድሞ የተጻፈው ይህ እንደ ሆነ የመጻሕፍት ሊቃውንት ይናገራሉ። እንዲያው ለትምህርት ያህል እንዳልተጻፈ እናስተውል፤ በምእመናን መካከል ድኻ ስለ ተዋረደ የተጻፈ ነው።

ከዚያም ሥጋውን ሳይለይ የሚበላ በራሱ ላይ ፍርድን እንደሚበላ ያስጠነቅቃል። ቤተ ክርስቲያን ይህን ቃል ሁልጊዜ የምታስተምረው የምንቀበለው በእውነት የክርስቶስ ሥጋ መሆኑን አምነን፥ ራሳችንን መርምረን፥ በንስሐ ነጽተን እንድንቀርብ ነው። ይህ የማይናወጥ ትምህርት ነው። ነገር ግን ሐዋርያው ጥቂት ቀደም ብሎ፥ በምዕራፍ 10፥ እንጀራው አንድ ስለ ሆነ ብዙዎች ስንሆን አንድ አካል እንደ ሆንን ተናግሯል፤ ወዲያው በምዕራፍ 12 ደግሞ ዐይንና እጅ፥ ራስና እግር እያለ ይኸንኑ አካል ይተነትናል። ስለዚህ በመሠዊያው ላይ ያለውን የክርስቶስን አካል አክብሮ በአጠገቡ የቆመውን የክርስቶስን አካል የረሳ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የለየው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 1397 ቅዱስ ቁርባን ለድኾች ግዴታ እንደሚያስገባን ይህንኑ መሠረት አድርጎ ያስተምራል።

እኛ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ድግስ አንደግስም፤ ስለዚህ የቆሮንቶስ ነገር የሚመለከተን ላይመስለን ይችላል። በምሰሶው ሥር የነበሩት እናት ግን ሥጋ ወደሙን ከኛው ጋር ሲቀበሉ ኖረዋል።

ሕገ ቤተ ክርስቲያንስ ምን ይላል?

እ.ኤ.አ. በ1983 የታወጀው የላቲን ሥርዐት ሕገ ቀኖና በቁጥር 515፥ በ1990 የታወጀው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖናም በቁጥር 279 ቁምስናን ሲተረጕሙ የሚጀምሩት ከምእመናን ነው፤ ቁምስና ማለት በሀገረ ስብከት ውስጥ በቋሚነት የተመሠረተ፥ ለአንድ ቆሞስ እረኝነት የተሰጠ የምእመናን ማኅበር ነው። በሀገራችን ሁለቱም ሕግጋት ስለሚሠሩ፥ የግዕዝ ሥርዐት በሚከተሉት ሀገረ ስብከቶችም ሆነ በሐዋርያዊ ቪካሪያቶች ትርጕሙ አንድ ነው። ለቆሞሱ ከተሰጡት ግዴታዎች መካከል ምእመናኑን ማወቅ፥ ቤተ ሰቦችን መጐብኘት፥ የታመሙትን መርዳት፥ ድኾችን፥ ብቸኞችንና ከሀገራቸው የተሰደዱትን መፈለግ ይገኙበታል። መፈለግ የሚለውን ቃል ያዙልን። ሲመጡ መቀበል ብቻ አልተባለም። አንድ ካህን ብዙ ጸሎት ቤቶችን በሚያገለግልበት፥ ወደ አንዳንዱም በወር አንዴ ብቻ በሚደርስበት አካባቢ ይህን ብቻውን ሊፈጽመው እንደማይችል ግልጽ ነው። ስለዚህ ነው ሕጉ ምእመናን የቁምስናው ኑሮ ተካፋይና ተባባሪ እንዲሆኑ የሚጠይቀው።

ማጕረምረሙን የሰሙ ሐዋርያት

አሁን ደግሞ ወደ ኢየሩሳሌም እንመለስ። የመጀመሪያይቱን ማኅበር ስናነሣ አብዝተን የምንጠቅሰው ሁሉም ያላቸውን በጋራ ያደርጉ እንደ ነበር የሚናገረውን ነው (ሐዋ. 2፥42-47)። በምዕራፍ 6 ያለውን ጠብ ግን ብዙ ጊዜ እናልፈዋለን። እኛ ግን ለቁምስናዎቻችን የሚበጀው ይህኛው ይመስለናል፤ የሚመስለን እርሱ ነውና።

ከአይሁድ ወገን ሆነው ግሪክኛ የሚናገሩ ክርስቲያኖች፥ ዕብራይስጥ በሚናገሩት ላይ አጕረመረሙ፤ በየቀኑ በሚደረገው እደላ መበለቶቻቸው እየተረሱ ነበርና። ሆን ተብሎ የተሠራ ግፍ ነበር ተብሎ አልተጻፈም። የሚያድለው ሰው የሚያውቀው በቋንቋው የምታነጋግረውን መበለት ነው፤ ሌላይቱን አያውቃትም፤ ስለማያውቃትም ይረሳታል። ሐዋርያት ይህን በሰሙ ጊዜ «አታጕረምርሙ፤ በጌታ አንድ አይደለንምን?» ብለው ዝም አላሰኟቸውም። ማኅበሩን ሰብስበው ሰባት ሰዎች እንዲመርጥ አደረጉ። የሰባቱን ስም አንብቡ፦ እስጢፋኖስ፥ ፊልጶስ፥ ጵሮኮሮስ፥ ኒቃሮና፥ ጢሞና፥ ጳርሜና፥ ኒቆላዎስ። ሁሉም የግሪክ ስሞች ናቸው። እንግዲህ የማዕዱ አገልግሎት የተሰጠው ተረሳን ካሉት ወገን ላሉት ሰዎች ይመስላል ማለት ነው።

ውድ አንባብያን፥ በቁምስናዎቻችን ከአንድ በላይ ቋንቋ የሚነገርባቸው ጥቂቶች አይደሉም። በከተማ ቁምስና ወላይትኛ፥ ከምባትኛ፥ ሃዲይኛ፥ ጉራግኛ፥ ትግርኛ፥ ኦሮምኛ ተናጋሪው ሁሉ በአማርኛ ቅዳሴ ላይ ጐን ለጐን ይቆማል። ንባቡን የሚያነበው ማን ነው? በምክር ቤቱ የሚቀመጠው ማን ነው? ከቅዳሴ በኋላ በግቢው ስንቆም ክቡ የሚሠራው በምንድን ነው? አዲስ የመጣ የቀን ሠራተኛ ሰላምታ የሚሰጠው አግኝቶ ያውቃልን? እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2020 እስከ ኅዳር 2022 በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት በነበረበት ጊዜ፥ ከዚያም ወዲህ በሌሎች አካባቢዎች ግጭት ሲነሣ፥ ለዓመታት አብረው የዘመሩ ሰዎች ዐይን ለዐይን መተያየት የከበዳቸው ጊዜ ነበር። ስለዚህ ነገር በቤተ ክርስቲያን ግቢ ማውራት ፖለቲካ ይሆናል ብለን ዝም ብለናል። ዝምታው አንዳንዴ አስተዋይነት ነበረ፤ አንዳንዴ ግን ፍርሃት ነበረ፤ ሁለቱን መለየት የየራሳችን ኅሊና ድርሻ ነው። ሐዋርያት ግን ማጕረምረም ሲሰሙ በስም ጠርተው እንደ መረመሩት እናያለን።

ሰላምታ ከመሰጣጠታችን በፊት

ጌታችን በተራራው ስብከቱ፥ መባህን በመሠዊያው ፊት ስታቀርብ ወንድምህ የተቀየመብህ ነገር መኖሩ ትዝ ቢልህ መባህን በዚያ ትተህ ሂድ፥ አስቀድመህ ታረቅ ብሎ ያዝዛል። በግዕዝ ሥርዐተ ቅዳሴ ምእመናን የሰላም ሰላምታ የሚሰጣጡት አኰቴተ ቁርባን ከመጀመሩ በፊት ነው፤ በሮም ሥርዐት ደግሞ ከአቡነ ዘበሰማያት በኋላ፥ ቁርባን ከመቀበላችን ቀደም ብሎ ነው። የመጀመሪያው ይህን የጌታን ትእዛዝ ያስታውሳል፤ ሁለተኛውም ልንካፈለው የቀረብነውን አንዱን እንጀራ። በሁለቱም ሰላምታው ለወግ ያህል የገባ አይደለም።

በተግባር ግን ምን እናያለን? በድንበር መሬት የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች፥ አንዱ በቀኝ በር ሌላው በግራ በር ይገባሉ፤ ሰላምታ ሲታወጅ አጠገባቸው ላለው እጅ ይነሣሉ፤ ከዚያም ሁለቱም ይቆርባሉ። ጠቡን አገር ያውቀዋል። ምናልባት ሁለቱም ንስሐ ገብተው፥ «ወንድሜን ተቀይሜአለሁ» ብለው ይሆናል። ነገር ግን ምሥጢረ ንስሐ ወደ ወንድማችን ደጃፍ የሚወስደውን መንገድ አያሳጥርልንም፤ እንድንሄድበት ጸጋ ይሰጠናል እንጂ። የተወሰደ ድንበር ካለም መመለሱ አይቀርም።

ጌታችን የዕርቅን ቅደም ተከተል በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 አስተምሮናል፦ በመጀመሪያ ለብቻው አነጋግረው፤ ባይሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ፤ ያም ባይሆን ለቤተ ክርስቲያን ንገር። እኛ ይህን ገልብጠን ይዘነዋል። በመጀመሪያ ለጎረቤት ሁሉ እንነግራለን፤ ቀጥሎ ለአባ አቤቱታ እናቀርባለን፤ የበደለን ሰው ራሱ የሚሰማው ከሁሉ በመጨረሻ ነው። ለዚህ መድኃኒቱን ከሩቅ መፈለግ አያሻንም። አባቶቻችን ሽምግልናን አቆይተውልናል፤ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳይ ደጅ ወድቆ ይቅርታ የሚለምንበትን ልማድ የምናውቅ ሕዝብ ነን። በየጸሎት ቤቱ ሁለት ወይም ሦስት የታመኑ ሽማግሌዎች፥ ሴቶችም ጭምር፥ ከዐቢይ ጾም መግቢያ ጀምሮ የተጣሉትን እየዞሩ ቢያነጋግሩ፥ ለፋሲካ አብረው መቁረብ የሚችሉ ቤተ ሰቦች ጥቂት እንደማይሆኑ እናምናለን። ከልምድ እንደምናውቀው ግን ሽማግሌው ራሱ የተጣላው ሰው ካለ አስቀድሞ የራሱን ቢጨርስ ይሻላል።

«ሚሲዮን» ወይስ ቁምስና?

በብዙ ቦታ ሕዝቡ የቤተ ክርስቲያናችንን ግቢ «ሚሲዮን» ብሎ ይጠራዋል። ስሙ ከታሪክ የመጣ ነውና አንነቅፈውም። ግቢው ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ያለበት፥ ከውጭ የመጡ አባቶችና ደናግል ብዙ የደከሙበት ነው። ነገር ግን ከስሙ ጋር አንድ አስተሳሰብ ተከትሎ ገብቷል፤ ሚሲዮን የሚሰጥ ነው፥ እኛ የምንቀበል ነን የሚል። ጣራው ሲያፈስ «አባ ያሠሩታል» እንላለን፤ ድኻ ሲመጣ «ወደ ሲስተሮቹ ሂድ» እንለዋለን።

በሀገራችን የካቶሊክ እምነት ዳግመኛ ሲተከል ግን ነገሩ እንዲህ አልነበረም። አቡነ ያዕቆብ ብለን የምንጠራው ቅዱስ ዮስጢኖስ ዘያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1839 ዓድዋ ሲደርስ ይህ ነው የሚባል ሕንፃ አልነበረውም። የሕዝቡን ቋንቋ ተማረ፥ በሕዝቡ አኗኗር ኖረ፥ የግዕዙን ሥርዐት አከበረ፤ ተሰደደ፥ ታሠረ፤ ሐምሌ 31 ቀን 1860 ያረፈውም በጕዞ ላይ ሳለ ነው። ከእርሱ ጋር የተሰለፈው የጎጃሙ መነኵሴ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል በ1855 በእስር ሲንገላታ ሞተ፤ በ1926 ብፅዕናው ታወጀ። ቅዱስ ዮስጢኖስም በ1975 ቅድስናው ታወጀ። የእነርሱ ማኅበር ብዙውን ጊዜ ግቢ አልነበራትም፤ ሰዎች ግን ነበሯት።

በ155 ዓ.ም. ገደማ ሰማዕቱ ቅዱስ ዮስጢኖስ በሮም ለነገሥታቱ በጻፈው መከላከያ ላይ ክርስቲያኖች በእሑድ ቀን ምን እንደሚያደርጉ ተርኳል። የሐዋርያት መጻሕፍት ይነበባሉ፥ መሪው ያስተምራል፥ በአንድነት ይጸለያል፥ እንጀራና ወይን ይቀርባል፤ ላልመጡትም በዲያቆናት እጅ ይላክላቸዋል። ቀጥሎም ያለው ሁሉ እንደ ፈቃዱ ይሰጣል፤ የተሰበሰበውም በመሪው ዘንድ ተቀምጦ ሙት ልጆች፥ መበለቶች፥ ሕሙማን፥ እስረኞችና መጻተኞች ይረዱበታል። ሁለት ነገር እናስተውል። አንደኛ፥ ያልመጡት የታወቁ ነበሩ፤ የማይታወቅ ሰው ቁርባን አይላክለትምና። ሁለተኛ፥ ገንዘቡ የቅዳሴው ክፍል ነበር።

ስለ ገንዘብ ካነሣን አይቀር ግልጽ እንናገር። ምእመናን የማይሰጡት ስለሌላቸው ብቻ አይደለም፤ የሰጡት የት እንደ ደረሰ ስለማይነገራቸውም ነው። የላቲን ሥርዐት ሕገ ቀኖና በየቁምስናው የገንዘብ ጉዳይ ምክር ቤት መኖር እንዳለበት በቁጥር 537 ያዝዛል፤ ምእመናን ስላቀረቡት ንብረትም ለምእመናን ሒሳብ እንዲቀርብ በቁጥር 1287 ይደነግጋል። የምሥራቃውያኑ ሕግም በቁጥር 295 በቁምስና ለእረኝነትና ለገንዘብ ጉዳይ ምክር ቤቶች እንዲኖሩ ይላል። በዓመት ሁለት ጊዜ ከቅዳሴ በኋላ ይህን ያህል ተሰበሰበ፥ ለዚህ ለዚህ ወጣ ተብሎ ቢነበብ፥ ብዙ ስብከት የማያስገኘውን መተማመን ያስገኛል። ይህን የምንለው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ዕድራችን የሚያደርገው ስለ ሆነ ነው።

በመንደር መሰብሰብ

እ.ኤ.አ. በ1994 ሚያዝያና ግንቦት በሮም የተሰበሰበው የአፍሪካ ሲኖዶስ ቤተ ክርስቲያንን የእግዚአብሔር ቤተ ሰብ ብሎ መጥራትን መረጠ። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ካልዕም በ1995 በያውንዴ ባወጡት ሐዋርያዊ መልእክት ይህን አጸደቁ፤ ቤተ ሰብነቱ እውን የሚሆነው ሰዎች በሚተዋወቁባቸው ትንንሽ ማኅበረሰቦች መሆኑንም አመለከቱ። የምሥራቅ አፍሪካ ጳጳሳት ግን ቀደም ብለው፥ በ1970ዎቹ፥ ንኡሳን ክርስቲያናዊ ማኅበረሰቦችን የእረኝነት ሥራቸው መሠረት አድርገው መርጠዋቸው ነበር። በ2021 ተጀምሮ በጥቅምት 2024 የተፈጸመው የሲኖዶሳዊነት ጕዞም አብሮ መሄድንና መደማመጥን በየቁምስናው ደረጃ ጠይቆናል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ጎረቤት የሆኑ ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት ቤተ ሰቦች በሳምንት ወይም በየሁለት ሳምንቱ በተራ በአንድ ቤት ይሰበሰባሉ፤ የሚመጣውን እሑድ ወንጌል ያነብባሉ፤ ጥቂት ዝም ብለው ያስባሉ፤ ይጸልያሉ። ከዚያ ሳይለያዩ፥ ማን ታመመ? ማን ወለደች? ማን ሥራ አጣ? ማን እሑድ አልታየም? ብለው ይጠያየቃሉ። ሥራም ይከፋፈላሉ።

በብዙ ቦታ ተጀምሮ የቆመው ለምን እንደ ሆነ ግን ሳንደብቅ እንናገር። በመጀመሪያው ቤት ቡናና ቆሎ ይቀርባል። በሁለተኛው ዳቦ ይጨመራል። በሦስተኛው ዶሮ ይታረዳል። አራተኛዋ ባለ ተራ በሰው ቤት እንጀራ እየጋገረች የምታድር እናት ናት፤ ተራዋ ሲደርስ «ልጄ ታሟል» ብላ ታሳልፋለች፤ ከዚያም ራሷ ትቀራለች። ማንም አላስወጣትም፤ ዶሮው ነው ያስወጣት። ወገኖቼ፥ ይህ የቆሮንቶስ ማዕድ በሌላ ስም የመጣ ነውና፥ ከቡናና ከቆሎ በላይ እንዳይቀርብ ከመጀመሪያው ቀን ውሳኔ ይተላለፍ። ውሳኔውን ለመጠበቅ የሚቸገሩት ድኾቹ ሳይሆኑ ባለጠጎቹ እንደሚሆኑ እናስታውቃችኋለን።

ስለ ካቴኪስቱ

እ.ኤ.አ. ግንቦት 10 ቀን 2021 ር.ሊ.ጳ. ፍራንሲስ የካቴኪስትን አገልግሎት በቤተ ክርስቲያን የታወቀ የምእመናን አገልግሎት አድርገው አቋቁመዋል። በሀገራችን ይህ አገልግሎት አዲስ አይደለም። ካህን በማይደርስበት እሑድ የጸሎት ቤቱን በር የሚከፍተው፥ ንባቡን የሚያነብበው፥ ንኡሰ ክርስቲያኑን የሚያስተምረው፥ ሬሳ ሲወጣ ቀድሞ የሚገኘው ካቴኪስቱ ነው፤ በዛሬው ጊዜ ደግሞ ብዙ ጊዜ ካቴኪስቷ ናት። ስለዚህ የቀረውን ሰው ለማወቅ ከርሱ የተሻለ ማንም የለም።

ግን ሁሉን ነገር በርሱ ላይ መጫንም ሌላ ዓይነት መርሳት ነው። ካቴኪስቱም ልጆች አሉት፤ ማሳው አረም ይወርሰዋል፤ የሚሰጠው አበል፥ ካለ፥ ለጫማው አይበቃም። ሲታመም የሚጠይቀው ማን ነው? ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ያነጋገርነው አንድ ካቴኪስት፥ «እኔ ሕሙማንን ስጠይቅ ሃያ ዓመት ሆነኝ፤ እኔን ግን ሚስቴ ብቻ ነች የጠየቀችኝ» ብሎናል። የመንደሩ ማኅበር የታመሙትን ስም ሲጽፍ የካቴኪስቱን ስም አይዝለል።

ሥራ ፍለጋ ስለሚሄዱት ወጣቶችም አንድ ነገር እንጨምር። ልጆቻችን ወደ ከተማ፥ ወደ ዐረብ አገሮችም ይሄዳሉ። ሲሄዱ ከቁምስናው ማንም አይሸኛቸውም፤ ስማቸው በጥምቀት መዝገብ ብቻ ይቀራል። ለጋብቻ የጥምቀት ማስረጃ ሲፈልጉ ያን ጊዜ ይታወሳሉ። ከመሄዳቸው በፊት ባሉት እሑዶች በአንዱ በማኅበሩ ፊት ቢጸለይላቸው፥ ማስረጃቸው አስቀድሞ ቢሰጣቸው፥ ስልካቸውም ቢመዘገብ፥ የሚያስፈልገው ጥቂት ደቂቃ ነው። ቤት የቀረችውን እናት መጠየቅም የዚሁ ክፍል ነው።

ያ ቁምስና ከዚያ በኋላ

በመጀመሪያ ያነሣነው ቁምስና ከዚያ ቀን በኋላ ምእመናኑን በአምስት መንደር ከፈለ፤ በየመንደሩም እሑድ እሑድ የቀረውን የሚያይ አንድ ሰው ተመረጠ። ነገሩ እንደታሰበው ሁሉ አልሄደም። ከአምስቱ ሁለቱ ዓመት ሳይሞላቸው ቆሙ፤ አንዱም በሹመት ጠብ ተከፈለ። ሁለቱ ግን እስከ ዛሬ አሉ። አረጋዊቷ እናት እንደ በፊቱ መሄድ አልቻሉም፤ በየወሩ የመጀመሪያ ዐርብ ካህኑ ቅዱስ ቁርባን ያመጡላቸዋል፤ የመንደሩም ሰዎች ጐን ለጐን ተንበርክከው አብረዋቸው ይጸልያሉ። እንጀራ ያቀርቡላቸው የነበሩት ጎረቤታቸውም ሲመጡ ከበሩ ሥር ቆመው ይጠብቃሉ፤ ቡና የሚያፈሉት እሳቸው ናቸው። እናትየው ከመደባቸው ሳይነሡ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ስለሚሰሙ፥ የመንደሩ ኀላፊ የታመመውን ሰው ስም የሚወስደው በአብዛኛው ከእሳቸው ነው። ባለፈው ጊዜ ከሰጡት ስሞች አንዱ ለዓመታት ከቅዳሴ የቀረ፥ ሁላችን የረሳነው ሰው እንደ ነበር ሰምተናል።

ለቡድን ጥናት

ካቴኪስቶች ይህን ትምህርት በሁለት ስብሰባ ብትከፍሉት ይሻላል። በመጀመሪያው 1ቆሮ. 11፥17-34ን ቀስ ብላችሁ ሁለት ጊዜ አንብቡና፥ በኛ ቁምስና ዘግይቶ የሚደርሰውና ባዶ ማዕድ የሚጠብቀው ማን ነው? ብላችሁ ተወያዩ። የሰው ስም ለመጥራት አትቸኩሉ፤ በየልባችሁ ያዙት። በሁለተኛው ስብሰባ ሐዋ. 6፥1-7ን አንብቡ፤ በቁምስናችን የሚያጕረመርም ወገን አለን? ማጕረምረሙስ ማን ዘንድ ይደርሳል? የሚለውን መርምሩ። ከዚያም እያንዳንዱ ተሳታፊ አንድ ተራ ደብተር ይዞ በአጠገቡ የሚኖሩትን የዐሥር ካቶሊካውያን ቤተ ሰቦች ስም፥ የአረጋውያኑንና የሕሙማኑን ለይቶ ይጻፍ። ከዐሥሩ የስንቱን ስም ሳይጠይቅ መጻፍ እንደቻለ ለቡድኑ ይናገር። ያልቻለውን በሚቀጥለው ሳምንት ሄዶ ይጠይቅ፤ ሲሄድ ባዶ እጁን ቢሄድም ግድ የለም።